«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት



ከቤት ዕቃ ሁሉ ቶሎ «አለቀለት» የሚባለው ኮምፒውተር ሳይሆን አይቀርም። ምጣዱ አልግል ቢል ገመዱን እናያለን፣ ሶኬቱን እንነካካለን። ቴሌቪዥኑ ምስል ቢያጣ ዲሹን እናስተካክላለን። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ወይም አንድ ፋይል አልከፈትም ሲል ግን ከቤቱ ልጆች አንዱ «ፎርማት ይደረግ» ይላል፤ የሰፈሩ ጠጋኝም ይስማማል። በማግሥቱ ማሽኑ ንጹሕና ፈጣን ሆኖ ይመለሳል። የሰርጉ ፎቶ፣ የክርስትናው ቪዲዮ፣ አያት የጀመሩት የቤተሰብ የትውልድ ሐረግ ግን አብሮ አይመለስም።

ቃሉን ብዙዎቻችን እንሰማዋለን እንጂ ምን እንደሚያደርግ ጠይቀን አናውቅም። በብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ ዲስኩ «ሲ» እና «ዲ» በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላል። ዊንዶውስ የሚቀመጠው ሲ ላይ ነው። ዴስክቶፕ ላይ የምንደረድረው ሁሉ፣ «ዶክዩመንትስ»፣ «ፒክቸርስ» እና «ዳውንሎድስ» በሚባሉት ፎልደሮች ውስጥ ያለውም፣ እኛ ራሳችን ወደ ሌላ ቦታ ካላዛወርነው በስተቀር እዚያው ሲ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሲን ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለት እንግዲህ፣ አይጥ ገባ ብሎ ጎተራውን ከነእህሉ እንደማቃጠል ነው። አይጡ መጥፋቱ እውነት ነው፤ እህሉም ግን ጠፍቷል።

ለዘመድና ለጎረቤት ካየኋቸው ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ አንድም ፋይል ሳይነካ የተስተካከሉ ናቸው። ዛሬ ደጋግመው የሚያጋጥሙትን ችግሮች አንድ በአንድ እናያለን።

ስታክ ሲያደርግና ሲንቀራፈፍ

ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም የመጀመሪያው መድኃኒት ትዕግሥት ነው። ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ሥራ ይጨምርበታል እንጂ አያፈጥነውም። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ካልተነቃነቀ «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኢስኬፕ» የሚሏቸውን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። «ታስክ ማናጀር» የሚባል መስኮት ይከፈታል። እዚያ ውስጥ «ኖት ሪስፖንዲንግ» የሚል የተጻፈበትን ፕሮግራም መርጣችሁ «ኢንድ ታስክ» በሉት። የሚዘጋው ያ ፕሮግራም ብቻ ነው። በእሱ ላይ ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ ካለ ሊጠፋ ስለሚችል ግን መጀመሪያ መጠበቁ ይበጃል።

ይህ ካልበቃ ሪስታርት ማድረግ ነው። ብዙ ሰው «አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው ነው» ይለኛል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ማጥፋትና ሪስታርት ማድረግ አንድ አይደሉም። ዊንዶውስ በቶሎ መነሣት እንዲችል፣ «ሻት ዳውን» ሲባል የውስጥ ሥራውን በከፊል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። ሲበራም ከዚያው ይቀጥላል፤ ችግሩም አብሮ ይነቃል። ሁሉን ነገር ዘግቶ እንደ አዲስ የሚጀምረው «ሪስታርት» ሲባል ነው።

መንቀራፈፉ የሰነበተ ከሆነ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ እዩ። «ዚስ ፒሲ» የሚለውን ስትከፍቱ ከሲ አጠገብ ያለው መስመር ቀይ ሆኖ ከታየ ጠብቦታል ማለት ነው። ዊንዶውስ ለራሱ ሥራ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። መጀመሪያ የሚታየው «ዳውንሎድስ» ነው፤ በውስጡ በቴሌግራም የወረደው ሁሉ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚል ፎልደር ተጠራቅሞ ይገኛል። አምስት ጊዜ የተላከ አንድ ቪዲዮ አምስት ቦታ ይይዛል። የማትፈልጉትን ደልታችሁ «ሪሳይክል ቢን»ንም ባዶ አድርጉ፤ እሱ እስካልተራገፈ ድረስ ቦታው አይለቀቅም። «ዊንዶውስ» እና «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚባሉትን ፎልደሮች ግን አትንኩ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

መብራት በድንገት ሲጠፋ ዲስኩ እየጻፈ የነበረው ነገር መሐል ላይ ይቋረጣል። ተመልሶ ሲበራ አንዳንዴ በጥቁር መደብ ላይ በመቶኛ የሚቆጥር ጽሑፍ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ዲስኩን እየመረመረ ነውና ተዉት፣ ይጨርስ። «ዘገየ» ብሎ ገመዱን መንቀል ነው ትንሹን ችግር ትልቅ የሚያደርገው። በዎርድ የምትጽፉት ደብዳቤ ከነበረም ተስፋ አትቁረጡ። ዎርድ ካልተለወጠ በስተቀር በየ10 ደቂቃው ለራሱ ቅጂ ይይዛል። ፕሮግራሙን መልሳችሁ ስትከፍቱ የተረፈውን በግራ በኩል ካቀረበላችሁ፣ ከፍታችሁ ወዲያው ሴቭ አድርጉት።

«ኢንተርኔቱ አልከፍት አለ»

አንድ ጡረተኛ አባት ኢንተርኔት ከፍለው፣ ሽቦው ተሰክቶ፣ አንድም ድረ ገጽ አልከፍት አላቸው። የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ሳየው የኮምፒውተሩ ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሞልቷል። እሳቸው ምንም አላጠፉም፤ ቀኑ ተሳስቶ ቢያዩት በእኛው ቀን ማረማቸው ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሚያስበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው የምስክር ወረቀት አላቸው። ኮምፒውተሩ ያንን ከራሱ ሰዓት ጋር ያመሳክራል። በእሱ ሰዓት ወረቀቱ ገና አልተሰጠም፤ ስለዚህ «አላምነውም» ብሎ ይመልሰዋል። ቀኑ ሲስተካከል ሁሉም ተከፈተ።

ቀኑን አስተካክላችሁ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር እየተመለሰ ካስቸገረ ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ነው። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ውስጥ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች። መብራት በሌለበት ጊዜ ሰዓቱን የምትቆጥረው እሷ ናት። ዓመታት ሲያልፉ ታልቃለች። እሷን ማስቀየር ነው፤ ዊንዶውስን ማስቀየር አይደለም።

ፍላሹ ላይ ቀስት ሲበቅል

አንዲት ጎረቤቴ ለባለቤታቸው ሙት ዓመት ፎቶግራፍ ሊያሳትሙ ፍላሻቸውን ይዘው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዱ። ቤት ተመልሰው ሲሰኩት ፎልደሮቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት በቅሎባቸዋል፤ ሲጫኑትም አይከፈትም። ልጃቸው «ቫይረስ በልቶታል፣ ፎርማት እናድርገው» አለ። እሳቸው ግን ፍላሹን በመሐረብ ቋጥረው ወደ እኔ መጡ። «እስኪ አንተ እየው። የሳቸው ፎቶ ሌላ ቦታ የለኝም» አሉ።

መጀመሪያ ያየሁት ፍላሹ ምን ያህል እንደተያዘ ነው። ከግማሽ በላይ ተይዟል ይላል። ፋይሎቹ ጠፍተው ቢሆን ኖሮ ቦታው ክፍት ይሆን ነበር። ይህ ዓይነቱ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይል አይበላም፤ ይደብቃል። እውነተኛውን ፎልደር ሰውሮ በእሱ ስም አቋራጭ ያስቀምጣል። አቋራጩን የጫነ ሰው ቫይረሱን በገዛ እጁ ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ የሚሰካው ፍላሽ ሁሉ ይበከላል።

ስለዚህ ቀስት ያለበትን ፎልደር አትጫኑ። መጀመሪያ በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጸረ ቫይረስ ክፈቱ፤ ዊንዶውስ 10 እና 11 «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» የሚባል የራሳቸው አላቸው። ፍላሹንም ኮምፒውተሩንም ስካን አስደርጉ። ቀጥሎ ፋይሎቹ በሚታዩበት መስኮት ላይ «ቪው» የሚለውን ገብታችሁ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ምረጡ። አሁንም ካልታዩ «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለው ምልክት ይነሣ። አንዳንዴ ሁሉም ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ታጭቆ ይገኛል። ፎቶዎቹንና ጽሑፎቹን ወደ ኮምፒውተሩ ቅዱ፤ ሲከፈቱ በዓይናችሁ እዩ፤ ፍላሹን ማጽዳት ከዚያ በኋላ ነው። የጎረቤቴ ፎቶዎች አንድም ሳይጎድል ወጡ።

ከዚህ የምትይዙት ነገር ቢኖር ቤት የሚቀመጠውና ደጅ የሚወጣው ፍላሽ ይለያዩ። ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሄደው ላይ የሚታተመው ብቻ ይኑር። ሲመለስ ቢበከል የሚያሳዝን ነገር አይኖርበትም።

ፍላሹ ቀድሞ ፎርማት ተደርጎ ከሆነ ደግሞ ምንም ነገር አትጫኑበት። ፈጣኑ ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን ነው፤ ፋይሎቹ ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ በቦታቸው ሊቆዩ ይችላሉ። ባለሙያ በፋይል መመለሻ ፕሮግራም ሊያወጣቸው ይችል ይሆናል።

አማርኛው ወደማይታወቅ ፊደል ሲለወጥ

የድሮ ደብዳቤ ስትከፍቱ አማርኛው ቀርቶ ነጥብና ሰረዝ የበዛበት የላቲን ፊደል ይመጣል። ብዙ ሰው «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ይደልተዋል። አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እንደ ድሮዎቹ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያሳርፉት ነበር። ያ የፊደል ዓይነት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ከሥሩ ያለው ላቲን ይታያል።

መፍትሔው በዚያ ላይ ምንም ሳትጽፉና ሴቭ ሳታደርጉ ፋይሉን መዝጋት ነው። ከዚያ ፕሮግራሙ ያለበት ኮምፒውተር ፈልጉ፤ የጽሕፈት አገልግሎት ከሚሰጡ ቤቶች ታገኙ ይሆናል። ሲከፈትም በፒዲኤፍ አስቀምጡት። ፒዲኤፍ አብዛኛውን ጊዜ የፊደሉን ቅርጽ አብሮ ስለሚይዝ በሌላ ኮምፒውተርም ይነበባል።

የግድ ሲሆን

ፎርማት የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም አልልም። ሲደረስ ግን ለጠጋኙ ሦስት ጥያቄ አቅርቡ። አንደኛ፣ «ፋይሎቼን የት አስቀመጥክልኝ?» «ቀድቻለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ በሌላ ዕቃ ላይ ተከፍተው አሳዩኝ በሉ። ዊንዶውስ አልነሣም ማለቱ ፋይሎቹ ጠፍተዋል ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በማገናኘት ይቀዳሉ። ሁለተኛ፣ «ፋይል ሳይነካ የሚያድሰውን ሞክረኸዋል?» ዊንዶውስ 10 እና 11 ራሳቸውን ሲያድሱ «ኪፕ ማይ ፋይልስ» የሚል ምርጫ አላቸው፤ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ያነሣል፣ የግል ፋይሎችን ግን ይተዋል። ሦስተኛ፣ «የአማርኛ መጻፊያውና ፕሪንተሩ ተመልሰው ይጫናሉ?»

አንድ ምልክት ግን ከሁሉም ይለያል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ደጋግሞ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ዲስኩ ራሱ እየታመመ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መመርመር ቀርቶ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ፋይሎቹ በባለሙያ እንዲቀዱ ማድረግ ነው።

እንግዲህ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በፎርማት የፈሰሰ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህም ይሠራል። ኮምፒውተሩ ገና ጤነኛ ሳለ፣ እሑድ ከቡና በኋላ፣ ከልጅ ልጃችሁ ጋር ቁጭ በሉ። እሱ ይቅዳ፣ እናንተ በፎቶው ላይ ያለው ማን እንደሆነ ንገሩት፤ ስሙንም በፋይሉ ላይ ይጻፈው። ቅጂው ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ አይዋል። አንዱ ቁምሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ሁለተኛ ማድረግ ከቻላችሁ እሱ እኅት ወይም ወንድም ቤት ይሁን። ያን ካደረጋችሁ በኋላ ጠጋኙ «ፎርማት ይደረግ» ቢል እንኳ ልባችሁ አይደነግጥም።