ቅቤ ቀማሽ አለው፤ ኮምፒዩተርስ?

ሾላ ገበያ ቅቤ ተራ ጎራ ያለ ሰው ገዢው ሁሉ ባለሙያ መሆኑን ያያል። እናቶች ከቅቤው ጫፍ በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ያሸታሉ፤ በመዳፋቸው ያሻሉ፤ ለጋውን ከበሳሉ፣ ንጹሑን ከተደባለቀው ይለያሉ። መለየት የማይሆንለት ደግሞ የሚያውቅ ጎረቤት ይዞ ይወርዳል። ሻጯም "ለምን ቀመስሽ?" ብላ አትቆጣም። ያልተቀመሰ ቅቤ እንደማይሸጥ ታውቃለችና።

ከዚያው ገበያ ወጥተው ወደ መገናኛ ሲያቀኑ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በየሕንፃው ከተደረደሩት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወደ አንዱ የገባ ገዢ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ብር በኪሱ ይዞ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁለት ብቻ ነው፤ "ስንት ነው?" እና "መጨረሻው ስንት ነው?"። ሻጩ ክዳኑን ከፍቶ መብራቱን ያሳየዋል፤ "ስላይት ነው፣ ከአሜሪካ የመጣ፣ እጅ ያልበዛበት" ይለዋል፤ ሽያጩ አለቀ። ኮምፒዩተር አይሸት፣ አይቀመስ።

ይህን የምለው ከሩቅ አይቼ አይደለም። በዚያው በሾላ በርበሬና ቅመማ ቅመም በጅምላ የሚነግድ አጎት አለኝ። ሒሳቡን ከደብተር አውጥቶ በኮምፒዩተር ለመያዝ አሰበና "የተማረ ነው" ብሎ እኔን ላከኝ። ኢኮኖሚክስ ያጠና ሰው ስለ ላፕቶፕ ምን እንደሚያውቅ እግዜር ይወቀው። በ38 ሺሕ ብር አንድ መልከ መልካም ዕቃ ይዤለት መጣሁ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ባትሪው ከ20 ደቂቃ በላይ አልቆይ አለ። ዊንዶውሱን እንደገና ለማስጫን ሲሞከር ደግሞ ጉዱ ፈላ፤ ማሽኑ የአንድ የባሕር ማዶ ድርጅት ስም በስክሪኑ ላይ ያወጣና የሠራተኛውን የይለፍ ቃል ይጠይቅ ጀመር። ወደ ሱቁ ብመለስ "ስትገዛ አይተኸዋል ወንድሜ" ተባልኩ። አጎቴ ግን አልተቆጣም። "አንተ ልጅ፣ እኔ በርበሬ ስገዛ እኮ ከጆንያው ግርጌ አስወጥቼ ነው የማየው" አለኝ። ከቁጣ የባሰ ነበር።

የኮምፒዩተር ወዳጆቹን ያወቅኋቸው በዚህ ሰበብ ነው። ከገበያው ጀርባ በምትገኝ ሻይ ቤት እሑድ እሑድ ጠዋት የሚሰባሰቡ ወጣቶች ናቸው፤ ተማሪ አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ሞባይል ጠጋኝ አለ። ስምም ማኅተምም የላቸውም። በስልክ ይጠራራሉ፤ አንዱ የተበላሸበትን ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ካቻቢቴውን ያወጣል። የሚከፈለው የሻይ ሒሳብ ብቻ ነው። (እንከን የላቸውም አልልም። ሁለቱ በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ ደግሞም ያገኙትን ሰው ሁሉ ሊኑክስ ካልጫንክ ማለት ይወዳሉ።)

ዕቃዬን ባሳየኋቸው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያልጠየቅሁትን ሁሉ ነገሩኝ። ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን የሚያሳይ ሪፖርት ለካ ከዚያው ከዊንዶውስ ይወጣል፤ የእኔው ከሩብ በታች ወርዶ ነበር። ዲስኩም ስንት ሰዓት እንደሠራ በራሱ ውስጥ መዝግቦ ይይዛል። የኢንቴል ፕሮሰሰር ትውልድ "አይ 5" ከሚለው ቀጥሎ ካለው ቁጥር ይነበባል፤ 6300 ቢል ስድስተኛ፣ 8350 ቢል ስምንተኛ ትውልድ ነው። ስለ ባሕር ማዶው ድርጅት ያሉኝ ደግሞ አጭር ነበር። ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የሚሰጧቸውን ኮምፒዩተሮች በስማቸው ያስመዘግባሉ፤ ምዝገባው ካልተሰረዘ ዕቃው ቢሸጥም ቢሰረቅም መዝገቡ የሚያውቀው ባለቤት ያንኑ ድርጅት ነው፤ በሕጋዊ መንገድ የሚያስለቅቀውም እሱው ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ለማየት በሱቁ ባንኮኒ ላይ ሩብ ሰዓት ይበቃ ነበር።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው "ቢበላሽስ" ብሎ ለሁሉም ዕቃ መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ ደኅና ዕቃ የያዘ ሻጭ አያዋጣውምና ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረው ውዳቂው ይሆናል። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን መኪና "ሎሚ" ይሉታል (ሎሚ ምን በድሏቸው እንደሆነ አላውቅም)። አከርሎፍ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ኢኮኖሚስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። መገናኛ ያለው ነጋዴያችን ግን ሽልማቱ ሳያስፈልገው ጉዳዩን ያውቀዋል። መርጦና ፈትሾ ዕቃ የሚያስገባው አስመጪ፣ በጅምላ ከየጓሮው ከሚጭነው ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ በአንድ ዋጋ ይከራከራል። በእኔ ግምት ከገዢው ይልቅ የሚጎዳው እሱ ነው።

እንዲህ ያለ የወዳጆች ስብስብ ለከተማችን አዲስ አይደለም። ኢንተርኔት ገና ባልገባበት ጊዜ በኢ.ሲ.ኤ. ውስጥ የነበረው ፓዲስ የኢ-ሜይል መልእክቶችን በስልክ መስመር እየሰበሰበ ወደ ውጭ ያሻግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ ይምጣ የሚሉ ባለሙያዎችና ተጠቃሚዎች "ባይት" በሚል ምህጻር የሚታወቀውን ቡድን መሥርተው ሲወተውቱ ቆዩ፤ ቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎቱን የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። የፊደላችንም ታሪክ ይኸው ነው። በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የሚወጣውን ዝብርቅርቅ የዚያን ዘመን ጸሐፊዎች አይረሱትም። እነ ፍስሐ አጥላውን የመሳሰሉ የፊደሉ ወዳጆች በአገር ቤትም በውጭም ሆነው ዓመታት ከደከሙ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 የኢትዮጵያ ምልክቶች ቦታ ያገኙት። ዛሬ ሾላ ያለች የቅመም ነጋዴ በስልኳ በአማርኛ መልእክት የምትልከው በዚያ ነው። የአሜሪካው አፕል ኩባንያ እንኳ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1975 በአንድ ጋራዥ ውስጥ መሰብሰብ በጀመሩ የኮምፒዩተር ወዳጆች መካከል ነው፤ ስቲቭ ዎዝንያክ የመጀመሪያውን ማሽኑን ንድፍ ለጓደኞቹ በነፃ ያድል ነበር።

ነገሩን አሁን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ለሚመዘገቡ ተጠቃሚዎች የደኅንነት ማራዘሚያ ብቻ ነው የተወው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ማሽኖች በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ በአውሮፓና በአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች ገና የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች በብዛት ከጠረጴዛ ይነሳሉ። ርካሽ ሆነው ወደ እኛ ዓይነቱ ገበያ እንደሚጎርፉ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። በዚህ ላይ የምንዛሪው ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከመፈቀዱ በፊት በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። አዲስ ዕቃ ከብዙ ነጋዴ አቅም ርቋል፤ ያገለገለውን ሲገዛም የሚሳሳተው በእጥፍ ብር ነው። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ በዚህ ዘመን ላፕቶፕ ገዢ ሆኗል።

ታዲያ የኮምፒዩተር ወዳጆቹን ገበያው እንዴት ይያዛቸው? እዚህ ላይ ደላሎች ወንድሞቼ ቅር እንዳይሰኙብኝ። አንድ ሁለት ባለሱቆች ወጣቶቹን "ገዢ አምጡልን፣ ኮሚሽን እንከፍላለን" ብለዋቸዋል። ቀና ሐሳብ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ቀማሹን ሻጭ ማድረግ ነው። ከሻጭ ኮሚሽን የሚበላ ሰው ስለ ባትሪው እውነቱን የሚናገርበት ምክንያት የለውም። የድለላ ሥራ የተከበረ ሥራ ነው፤ ገዢና ሻጭን ማገናኘት ዋጋ አለው። መፈተሽ ግን ሌላ ሥራ ነውና ክፍያውም ከሌላ ኪስ፣ ማለትም ከገዢው መምጣት አለበት። መኪና የሚገዛ ሰው መካኒክ ይዞ ሲሄድ የመካኒኩን የሚከፍለው ራሱ ነው፤ ማንም አይገረምም። ለ40 ሺሕ ብር ዕቃ ጥቂት መቶ ብር የፍተሻ ዋጋ ቢወጣ ገዢው አይከስርም፤ ወጣቶቹም የሻይ ሒሳባቸውን በመዋጮ ባልጨረሱ። ከባለሱቁ የሚጠበቀው ገንዘብ አይደለም፤ አንድ ወንበር፣ አንድ የመብራት ሶኬትና የሩብ ሰዓት ትዕግሥት ነው። እነሱም በበኩላቸው ያገኙትን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ለገዢውም ለሻጩም ቢሰጡ፣ ነገ ጭቅጭቅ ሲነሳ "አይተኸዋል" የሚለው ቃል መልሱ በጽሑፍ ይኖራል።

አጎቴ ሁለተኛውን ላፕቶፕ ሲገዛ እኔን አልላከኝም። ቅዳሜ ከሰዓት ከወጣቶቹ አንዱን አስከትሎ ራሱ ሄደ። የመጀመሪያው ባለሱቅ "መነካካት አይቻልም፣ የሚገዛ ይግዛ" አላቸው፤ ወጡ። ሁለተኛው ወንበር አቀረበላቸው። ልጁ የባትሪውን፣ የዲስኩንና የምዝገባውን ነገር አይቶ ጨረሰና ራሱን ነቀነቀ። አጎቴ ከመጀመሪያው ሱቅ ዋጋ ሁለት ሺሕ ብር ጨምሮ ገዛ፤ በማግስቱም የበርበሬ ተራ ጎረቤቱን ወደዚያው ሱቅ ይዞ ሄደ።