ስለ ትንሽ ፍሳሽ

ውኃ ሲያልቅ እንጂ ሲያንጠባጥብ የሚደነግጥ ሰው ጥቂት ነው። ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናል ብለን ብናሰላ፣ በየሰኮንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በአንድ ቀንና ሌሊት ከ4 ሊትር በላይ ያባክናል። በከተማ ቤት ይህ መጠን ከቁጥር አይገባ ይሆናል፤ አልጋና ምድጃ፣ የውኃ በርሜልም ተገጥሞላት እንደ ቤት በምታገለግል መኪና ግን 60 ሊትር የያዘ በርሜል በሁለት ሳምንት ውስጥ ባዶውን ይቀራል።

የውኃን ዋጋ ባሕሪ በሚገባ ታስተምረናለች። ይህች ከተማ ከሀገራችን የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ አጠገብ፣ ከካርቱም በስተሰሜን ትገኛለች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ. ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ የባሕሪ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራውን ስላቋረጠ፣ ብዙ ነዋሪዎች ከወንዝ እስከ መቅዳት ደረሱ። በግንቦት ወር 2017 ዓ. ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች በመመታታቸው የውኃው ሥራ ተሰናክሎ፣ የኮሌራ በሽታ በካርቱም ተስፋፋ። እንግዲህ ወንዝ በደጅ ማለፉ ብቻውን የሚጠጣ ውኃ አያስገኝም፤ ንጹሕ ውኃ የያዘ በርሜልም እንደ ስንቅ ሊጠበቅ ይገባዋል።

አማርኛን ለሚማሩ ሹማምንት ቃላቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። እርጥበት ብቻ በላዩ ሲታይ «ወዛ»፤ ጠብታ እየተቆጠረ ሲወርድ «አንጠባጠበ»፤ በቀጭኑ ሳይቋረጥ ሲወርድ «ተንቆረቆረ» ይባላል። ለመካኒክ «ፈሰሰ» ብቻ ብሎ የሚነግር ሰው፣ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም እንደሚል በሽተኛ ነው።

በሚያዝያና በግንቦት የባሕሪ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሙቀቱ የፕላስቲክን ቱቦ ያለሰልሰዋል፤ በጊዜ ብዛትም ያደርቀዋል። በወድ መደኒና በገዳሪፍ አድርጎ እስከ መተማ የሚዘልቀው ረጅም ጉዞ ደግሞ መጋጠሚያውን በንቅናቄ ያላላዋል። ስለዚህ ፍሳሹ ብዙውን ጊዜ ከመጋጠሚያ ይነሣል።

ውኃ በቱቦው ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ ከዝቅተኛው ስፍራ ይንጠባጠባልና፣ ጠብታው የወደቀበት ቦታ የተቀደደው ቦታ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። አስቀድሞ ቱቦውን ሁሉ በጨርቅ ማድረቅ፣ በየመጋጠሚያውም ደረቅ ወረቀት መጠቅለል፣ ከዚያም ፖምፓውን ማስነሣት ያሻል። መጀመሪያ የራሰው ወረቀት ጥፋተኛውን ይናገራል።

ከዚህ በኋላ ፖምፓውን አጥፍቶ፣ ግፊቱ እንዲወጣ ቧንቧውን ይከፍቷል። ፋሸታው ላልቶ እንደ ሆነ በካቻቪቴ በጥቂቱ ማጥበቅ ይበቃል፤ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ቱቦውን ይቈርጠዋል። የቱቦው ጫፍ ደርቆ ከሆነ፣ ርዝመቱ የሚበቃ ሲሆን፣ የአውራ ጣት ስፋት ያህል በስለታም ቢላዋ ቀጥ አድርጎ ቈርጦ፣ በሙቅ ውኃ አለስልሶ መልሶ ማስገባት ነው። መካከሉ የተሰነጠቀ ቱቦ ግን በናስትሮ ቢጠቀለል ግፊቱ ገፍቶ ይፈታዋልና፣ የተጎዳውን ቈርጦ አውጥቶ ሁለቱን ጫፍ በመቀጠያና በሁለት ፋሸታ ማገናኘት ይሻላል። የቤንዚን ቱቦ ለመጠጥ ውኃ ከቶ አይሁን።

በመጨረሻ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግቶ ማድመጥ ነው። ግፊት ሲቀንስ በራሱ የሚነሣ ፖምፓ፣ ማንም ውኃ ሳይቀዳ ደጋግሞ ከተነሣ፣ ፍሳሹ ገና አልዳነም።

በሱዳን መንገድ ዳር ለአላፊ አግዳሚ የሚቀመጠው ዚር የተባለው የሸክላ ጋንም ይወዛል። ነገር ግን ወዙ በነፋስ ሲተንን የቀረውን ውኃ ያቀዘቅዘዋልና ጉድለት አይባልም። የመኪናው ቱቦ ወዝ ግን ወለሉን ያበሰብሳል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦም ዘንድ ይደርሳል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስምና፣ ረጅም መንገድ የሚጀምር ሰው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በደረቅ እጅ ይዳብስ።