ከመደምሰስ በፊት መመርመር

ሊኑክስ የተጫነበት ሰርቨር አልነሳ ሲል ብዙ ተማሪዎች በቅድሚያ የሚወስዱት እርምጃ ዲስኩን ፎርማት አድርጎ እንደገና መጫን ነው። አልፎ አልፎ ይሳካል። ሆኖም በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ ልማድ ከሳይንስ ትምህርት መንፈስ ጋር የሚጋጭ ነው፤ የብልሽቱን ማስረጃ ያጠፋልና። በዲስኩ ላይ የቆየ መረጃ ካለም አብሮ ይጠፋል።

የኮምፒዩተር አነሳስ እንደ ዱላ ቅብብል ሩጫ ነው። ማሽኑ ኃይል እንዳገኘ በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ አነስተኛ ፕሮግራም የውስጥ ክፍሎችን ፈትሾ ወደ ዲስኩ ያመራል። ባዮስ በሚባለው የቀድሞ አሠራር የዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ይነበባል፤ ከዚህ ውስጥ 446ቱ ለማስነሻ ፕሮግራም፣ 64ቱ ለዲስኩ አከፋፈል ሠንጠረዥ፣ 2ቱ ለማረጋገጫ ምልክት የተመደቡ ናቸው። ዩኢኤፍአይ የተሰኘው አዲሱ አሠራር ግን ማስነሻውን ለዚሁ በተለየ የዲስክ ክፍል ውስጥ በፋይልነት ይፈልገዋል። ቀጥሎ ግራብ የተባለው ማስነሻ ከርነሉን ወደ ሜሞሪ ያስገባል፤ ከርነሉም በተራው ዋናውን የፋይል ሥርዓት አግኝቶ ቀሪዎቹን አገልግሎቶች የሚያስነሳውን ፕሮግራም ያስጀምራል።

በመሆኑም ስክሪኑ ላይ የሚታየው መልእክት ዱላው ከማን እጅ እንደወደቀ ይጠቁማል። የሚነሳ ዲስክ አልተገኘም ከተባለ፣ ግራብ ገና ተራው አልደረሰውም። ብዙ ዲስኮች ባሉት ሰርቨር ላይ ግራብ የተጫነው ማሽኑ ቀድሞ ከሚያነበው ዲስክ ውጭ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሊኑክስ በአንዱ አሠራር ተጭኖ ማሽኑ በሌላው ለመነሳት ይሞክር ይሆናል። በአንጻሩ የግራብ ባዶ የትእዛዝ መስመር ከመጣ የመጀመሪያው ርክክብ ተሳክቷል ማለት ነው፤ ያልተገኙት ግራብ የሚፈልጋቸው ፋይሎች ናቸው። ከርነሉ ተነስቶ ዋናውን የፋይል ሥርዓት ባለማግኘቱ ከቆመ ደግሞ፣ ወይ የተሰጠው የዲስክ ክፍል መለያ ስህተት ነው፣ ወይ የዲስክ መቆጣጠሪያው ድራይቨር በአነሳስ ጊዜ አብሮት አልተጫነም። በእነዚህ ሁኔታዎች ሁሉ ብዙውን ጊዜ መረጃው በቦታው አለ። ከፍላሽ ዲስክ በሚነሳ ሊኑክስ ገብቶ የጎደለውን ብቻ ማስተካከል ይቻላል።

«ለምርመራ ጊዜ የለንም፤ እንደገና መጫን ይፈጥናል» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ስህተቱ ከዲስኮቹ ቅደም ተከተል ወይም ከአነሳሱ አሠራር የመጣ ከሆነ፣ በዚያው ሁኔታ አሥር ጊዜ ቢጫን ውጤቱ ያው ነው። በአጋጣሚ ቢሠራ እንኳ ለምን እንደሠራ የሚያውቅ የለም። በፊዚክስ ላብራቶሪ አምፖል አልበራ ሲል ዑደቱን በሙሉ አፍርሰን አንጥልም፤ ከባትሪው ጀምረን ቮልቴጁን ነጥብ በነጥብ እንለካለን። ሰርቨርም የሚጠይቀን ይህንኑ ነው።

ለዚህ ልማድ መምህራንም ተጠያቂዎች ነን። በተግባር ፈተና ላይ ነጥብ የምንሰጠው ለሠራው ማሽን እንጂ ብልሽቱ ለተገኘበት መንገድ አይደለም። የምርመራ መዝገብ እንደ ውጤቱ ሁሉ ነጥብ ሊያሰጥ ይገባል።

ውድ ተማሪዎች፣ መልእክቱን ቃል በቃል ጻፉ፤ አንድ ግምት ያዙ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የሆነውንም መዝግቡ። ይህን የለመደ ተማሪ ነገ ማሽኑ ቢለወጥበትም ዘዴው አይጠፋበትም።