ፕላስቲኩን አውርዱልኝ

እንደገና ልነጫነጭ ነው። ስለ ፕላስቲክ አበባ ከአሁን ቀደም ጽፌ ያስቀየምኳችሁ ነጋዴዎች ይህን ዓምድ እለፉት። ሰሞኑን ፈረስ መጋላ ያየሁት ነገር ግን ዝም የሚያሰኝ አይደለም። በር ላይ የሚሰቀል ክብ የፕላስቲክ ጉንጉን ነው፤ ቀይ ፍሬ መሳይ ነገር ተሰክቶበታል፣ ቅጠሉ ላይ ደግሞ ነጭ ብናኝ ተነስንሶበታል። በረዶ መሆኑ ነው። በመጋቢት ፀሐይ፣ ሐረር ላይ! ለፈረንጅ ገና የተሠራ መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል፤ ሻጩ ግን «ለሁሉም በዓል ይሆናል» አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ የፋሲካ ዶሮዬ ትዝ አለችኝ።

ለሁሉም በዓል የሚሆን ጌጥ ለየትኛውም በዓል አይሆንም። ቄጤማ የበዓል ሽታ ያለው በማግስቱ ስለሚጠወልግ ነው። አደይ በመስከረም ፈክቶ ብዙ አይቆይም፣ አዲስ ዓመት ነው የምንለውም ለዚያ ነው። ፕላስቲኩ ግን ገናን አይቶ፣ ጥምቀትን ተሻግሮ፣ አቧራውን ለብሶ ክረምት ይገባል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ እሰየው ብያለሁ። አበባ መስሎ የሚመጣውን ፌስታል ማን ይከልክልልኝ?

ዘንድሮ የሐረሪዎች በዓል ሹዋሊድ በወጣ በሳምንቱ ሆሳዕና ስለመጣ ከፕላስቲኩ ጋር ያለኝ ጠብ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት ነው። በሹዋሊድ ሰሞን በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ አንድ ወዳጄ ቤት ጎራ ብል መዶሻ ይዞ ቆሟል። የአሮጌ ሐረሪ ቤት ግድግዳ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ስፌቱ ከላይ እስከ ታች በረድፍ ተሰቅሏል፣ ሳህኑ ተደርድሯል፣ ነደባ የሚባለው ቀይ የተቀባ መደብ ላይ ምንጣፉ ተነጥፏል። ወዳጄ በሁለት ስፌቶች መካከል ያችኑ የፕላስቲክ ጉንጉን ሊሰቅል ነው። ምስማሩን ሁለቴ ሲመታው ግድግዳው ላይ የነበረው ልስን እንደ እንጀራ ተቀርፎ ነደባው ላይ ወረደ። እናቱ ከተቀመጡበት ቀና ብለው፣ «የኔ ስፌት ምን አጠፋ?» አሉት። መልስ አልነበረውም።

ግድግዳ ካነሳሁ አይቀር፣ የጀጎል ትልቁ የበዓል ጌጥ ቀለሙ ነው። በዓል ሲቃረብ ሴቶቹ ቤቱን ያድሳሉ፤ ጠባቧ መንገድ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ሆና ትከርማለች። ያ ሁሉ ድምቀት ኖራና ክንድ ነው። አሁን አሁን ግን ግድግዳውን ዘይት ቀለም የሚለቀልቁት በዝተዋል፤ «አይለቅም» ይላሉ። አዎ፣ አይለቅም። ግንቡ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ የጠጣው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከነልስኑ አሳብጦ ይጥለዋል። ኖራ ያስተነፍሰዋል፣ በየዓመቱ መቀባቱም እዳ ሳይሆን የበዓሉ አንድ ክፍል ነው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ ሹዋሊድም በኅዳር 2016 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። እኛ ደግሞ ቅርሱ ላይ ምስማር እንመታለን።

«ስፌት ውድ ነው፣ ቱሪስት አስወደደው» የሚለኝ አይጠፋም። ትልቁ ስፌት ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው፣ ውድ ቢሆን ይገባዋል። እኔ ግን ትልቁን ስፌት ስቀሉ መቼ አልኩ? ጀበናችሁ የተቀመጠችበትን ማቶት አንሡና እዩት። ከሣር የተጠቀለለ ክብ ነው። የፈረንጁ ጉንጉን ከዚህ በምን ይበልጣል? ጭብጥ የሚሞላ ስንደዶ ውኃ ነክራችሁ አለስልሱ፣ ክብ አድርጋችሁ አጥፉት፣ በአክርማ ወይም ከሹራብ በተረፈ ባለቀለም ክር ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙት። ወስፌ ከሌላችሁ ወፍራም መርፌ ይበቃል። ለእንቁጣጣሽ አደይ ሰኩበት፣ ለፋሲካ ቄጤማ። ሲጠወልግ ነቅላችሁ ጣሉት፣ ክቡ ለሚቀጥለው በዓል ይቆያል። መስቀያ ካስፈለገ በሩ እንጨት ነው፣ ክር ይበቃዋል።

ጊዜ የለንም ለምትሉ ደግሞ፣ የእሁዱን የሆሳዕና ዘንባባ ያላያችሁ መሰለኝ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዲት ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ዘንባባውን በጥርሷ ሰንጥቃ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እያጠፈች ቀለበት ሠርታ ለእናቷ አጠለቀችላት፤ ቅዳሴው ሳያልቅ አክሊሉንም ደግማ ለራሷ ደፋች። እናትየው ስልኳን ነበር የምትነካካው። ታዲያ ጊዜ ያጣው ማነው?

በዚህ ላይ ሴቶች ብቻ ይሥሩት የሚል ደብዳቤ እንዳይመጣብኝ። ምስማር ለመምታት የሚሽቀዳደም ወንድ ሁሉ ክር መጠምጠም አያቅተውም፤ ወዳጄም በእናቱ ትእዛዝ ተቀምጦ ጠምጥሟል፣ ጠማማ ቢሆንም ተሰቅሏል።

ቄጤማ የምትፈልጉ ቅዳም ስዑር ጠዋት በር አትዝጉ፣ ካህናቱ ይዘውላችሁ ይመጣሉ። መግዛት ካማራችሁ ደግሞ የፕላስቲኩን ሱቅ እለፉና ስፌት የሚሰፉትን እናቶች ጠይቁ። ትንሿን ግዙ፣ ዋጋም አትከራከሯቸው።