«ይወድቃል» እየተባለ የሚተወው የወተት ጥርስ

በገጠር ልማት ገጽ ላይ ስለ ሕፃናት ጥርስ መጻፍ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ለእርሻ ዘገባ በሄድሁበት በአንድ ቀበሌ ጉንጯ ያበጠ የሰባት ዓመት ልጅ አይቼ አባቷን ብጠይቃቸው፣ «የወተት ጥርስ ነው፤ መውደቁ አይቀርም» አሉኝ። ልጅቱ ግን ማኘክና መተኛት ተስኗት፣ ከትምህርት ቤትም ቀርታ ነበር።

ይህ አባባል መታረም ይገባዋል። 20ዎቹ የወተት ጥርሶች በአንድ ጊዜ አይወድቁም። የፊተኞቹ በ6 ዓመት ገደማ መውለቅ ሲጀምሩ፣ የኋላ መንጋጋዎቹ እስከ 10 ወይም 12 ዓመት ያገለግላሉ። ስለዚህ በ5 ዓመቱ የተቦረቦረ መንጋጋ «ይወድቃል» ተብሎ ሲተው ሕፃኑ ለዓመታት እንዲሠቃይ ተፈረደበት ማለት ነው። ከዚህም በላይ የወተት ጥርስ ለተተኪው ቦታ ጠባቂ ነው። ያለጊዜው ከወለቀ አጠገቡ ያሉት ወደ ክፍተቱ ይጠጋሉ፤ ተተኪውም ተጣሞ ሊበቅል ይችላል። መግሉም ከሥር ያለውን ቡቃያ ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል።

በጎተራው አንድ ጥግ ነቀዝ የገባበት ገበሬ የተበላሸውን ለይቶ ያወጣል እንጂ እህሉን ሁሉ አይደፋም። የጥርስ ሐኪምም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። ጥርሱን አደንዝዞ የበሰበሰውን ይጠርጋል። ሕመሙ የነርቩን የላይኛ ክፍል ብቻ ነክቶ ከሆነ ያንን አውጥቶ ጤነኛውን በመድኃኒት ይሸፍናል። እስከ ሥሩ ከዘለቀ ግን ሁሉንም አጽድቶ፣ ከጥርሱ ሥር ጋር በጊዜው በሚሟሟ መድኃኒት ይሞላል። ብዙውን ጊዜም የብረት ቆብ ይደፋበታል። ጥርሱ ጊዜው ሲደርስ በራሱ ይወልቃል። መንቀል የሚያስፈልገው ጥርሱ ከመዳን ሲያልፍ ወይም መውለቂያው ሲቃረብ ነው።

እርግጥ ይህ ሕክምና በየጤና ኬላው አይገኝም፤ ወደ ከተማ መሄድን፣ ገንዘብንም ይጠይቃል። ስለሆነም መፍትሔው ቀድሞ መድረስ ነው። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ከመምህራን ጋር ሆነው በየስብሰባው ጉዳዩን ቢያነሡ መልካም ነው። ጥቁር ነጥብ ወይም ቀዳዳ የታየበት፣ ቀዝቃዛ ሲጠጣ የሚያመው ልጅ እብጠት ሳይጀምረው ይመርመር። ፊቱ አብጦ ትኩሳት የያዘው ልጅ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ጥርስን በጋለ ብረት መተኮስ ይቅር። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ ማጽዳትና ማታ ጣፋጭ አለመስጠት ደግሞ ከከተማ መንገድ ያድናል።

ቡቃያውን ከአረም የሚጠብቅ ገበሬ የልጁን ጥርስ «ይወድቃል» ብሎ መተው አይገባውም።