የዘር እህሉን አትብሉት!

ነገሩ ወዲህ ነው። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች በአንዱ ያለ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየን) የተማሪ ውጤት የሚይዝበትን ሰርቨር ሊያሻሽል ተነሣ። ባለሙያው «ስናፕሾት ይዣለሁ፤ ካልሠራ ወደ ነበርንበት እንመለሳለን» አለ። ማሻሻያው መሐል ላይ ተበላሸ። እንመለስ ሲባል መመለሻው የለም፤ ስናፕሾቱ ሞልቶ ሞቷል። ስንት ቦታ ነበር የተያዘለት? 2 ጊጋባይት! የቀረውስ ዲስክ? «ለዳታ ነዋ! ባዶ ቦታ ማስቀመጥ ብክነት ነው» ተባልን።

እኛ ደግሞ ብክነቱ ሌላ ነው እንላለን።

ስናፕሾት ፎቶ ኮፒ አይደለም። ሲነሣ ዳታውን አይገለብጥም። በሊኑክስ የተለመደው የኤል.ቪ.ኤም. ስናፕሾት ዋናው ዲስክ ላይ አንድ ነገር ሊቀየር ሲል የድሮውን ወደ ተያዘለት ቦታ ያሻግራል። ያ ቦታ ከሞላ ስናፕሾቱ አለቀለት፤ ግማሹን እንኳ አይመልስላችሁም። ዊንዶውስ ደግሞ ቦታ ሲያጥረው ከአሮጌው ጀምሮ ድምፁን አጥፍቶ ይሰርዛል። ዜድ.ኤፍ.ኤስ. በተቃራኒው ስናፕሾቱን ይጠብቃል፤ ፋይል ብታጠፉም ቦታው አይለቀቅም፤ በመጨረሻ ዲስኩ ራሱ ይሞላል።

ስለዚህ ጥያቄው «ዳታችን ስንት ነው?» ሳይሆን «በቀን ስንቱ ይቀየራል?» ነው። በቀን 10 ጊጋባይት የሚቀየር ከሆነና ስናፕሾቱን 3 ቀን ማቆየት ካሰባችሁ 30 ይሆናል። ለክፉ ቀን ግማሹን ጨምሩና 45 ያዙ። በኤል.ቪ.ኤም. 70 በመቶ ሲሞላ በራሱ እንዲሰፋ ማዘዝም ይቻላል። ካልታዘዘ ግን አይሰፋም፤ ዲስኩ እስከ ጫፉ ከተሰጠም የሚሰፋበት የለውም።

ይህን ከጊንጪ እስከ ባኮ ያለ ገበሬ ከኛ አይማርም። ጎተራው ቢጎድል እንኳ የዘር እህሉን ለይቶ ያኖራል። ብክነት ነው የሚለው የለም። ኮምፒውተር ስንነካ ነው ይህ ብልሃት የሚጠፋን።

«ዲስክ ውድ ነው» ትሉናላችሁ። እውነት ነው። ግን ውጤቱ የጠፋበት ተማሪ በየሳምንቱ እየተመላለሰ የሚከፍለውን የትራንስፖርት ብር ማን ደመረው?

«ክላውድ አለልን» የሚሉም አሉ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ በትውልድ ከተማው አምቦ ሲቀበር፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። ያኔ ደመና ላይ የተቀመጠ ፋይል እንደ ደመናው ሩቅ ነበር። ስናፕሾትም ብቻውን አያድንም፤ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ሌላ ዲስክ ላይ፣ ሌላ ቤት ውስጥ ቅጂ ይኑራችሁ።

እና ወዳጆቻችን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ባለሙያ መጥቶ «ስናፕሾት ይዣለሁ» ሲላችሁ «ስንት ቦታ ያዝክለት? በቀንስ ስንት ይቀየራል?» በሉት። መልሱ «ይበቃል» ብቻ ከሆነ ኪቦርዱን አታስነኩት።