በመቱ ጌም ይጫናል እንጂ አይሸጥም

መቱ ከተማ ያለ ወጣት አዲስ የእግር ኳስ ጌም ሲያምረው የሚያደርገው ይታወቃል። ፍላሹን ወይም ሃርድ ዲስኩን ይዞ ፊልምና ሙዚቃ ወደሚጭን ኮምፒውተር ቤት ጎራ ይላል። ዝርዝሩ ስክሪኑ ላይ ይወጣለታል፣ ይመርጣል፣ ይጫንለታል፣ ጥቂት ብር ከፍሎ ይወጣል። ጌሙ እንዳይቀዳ የተበጀለት ቁልፍ ቀደም ብሎ፣ ሌላ አህጉር ላይ፣ ማንነቱ በማይታወቅ ሰው ተሰብሯል። በደሌም ሆነ ጎሬ ነገሩ ያው ነው።

"ይህ ሌብነት ነው" የሚል ሰው ተሳስቷል አይባልም። "ታዲያ ከየት ይግዛ?" የሚለውም አልተሳሳተም። የሚገርመው ሁለቱም "ጥበቃው መጀመሪያውኑ ለምን ይደረጋል?" ብለው አለመጠየቃቸው ነው።

የኢሉባቦር ገበሬ መልሱን ያውቀዋል። በቆሎው ፍሬ መያዝ ሲጀምር ማማ ይሠራል። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት ከርከሮ እንዳይጨርሰው ይጠብቃል። በቆሎው ተሰብስቦ ከገባ በኋላ ግን ማማ ላይ የሚያድር የለም። ጥበቃ ማለት ምርቱ እጅ እስኪገባ ጊዜ መግዛት ነው። እየጠበቀ የማይሰበስብ ገበሬ ቢኖር መንደሩ ይስቅበታል።

የጌም ኩባንያዎች ማማ ዴኑቮ ይባላል። ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትልልቅ ጌሞች ላይ የሚገጠም፣ ከኦስትሪያ የመጣ መከላከያ ነው። ስንጥቅ አይገኝለትም ማለት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ተሰብሯል። ቪሊያም ቮልክማን የተባለ ተመራማሪ በ2024 ባሳተመው ጥናት ያገኘው ውጤት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ቁልፉ ጌሙ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ከተሰበረ ኩባንያው በአማካይ ከገቢው 20 በመቶ ገደማ ያጣል። ከ12 ሳምንት በኋላ ቢሰበር ግን ጉዳቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚገዛ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገዝቷል፣ የቀረው መጀመሪያውንም ገዢ አልነበረም።

ሕመሙ የሚብሰው ዕቃው ገበያ ሳይወጣ አፈትልኮ ሲወጣ የሆነውም ለዚህ ነው። በግንቦት 2023 (እ.ኤ.አ.) የኒንቴንዶ አዲሱ "ዜልዳ" ከይፋዊ ቀኑ ከሳምንት በላይ ቀድሞ ተሰራጨ። ኩባንያው ከመውጫ ቀኑ በፊት ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወርዷል ብሎ ጌሙን ኮምፒውተር ላይ ለማጫወት የሚያስችለውን የ"ዩዙ" ፕሮግራም ባለቤቶች ከሰሰ። በ2024 ነገሩ በ2.4 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ በመስከረም 2022 የሮክስታር ጂቲኤ 6 ገና እየተሠራ ሳለ 90 ያህል ቪዲዮዎቹ ተሰርቀው ወጡ። ያላለቀውን ሥራ አይተው "ይሄ ነው እንዴ ጌሙ?" ያሉ ብዙ ነበሩ። ቡና አብቃይ ይህን ይረዳዋል። ሳይቀላ የተለቀመ ቡና የሚጎዳው ሌባው በወሰደው መጠን ብቻ አይደለም፣ የአካባቢውን ቡና ስምም ያበላሻል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይስተዋል። ያፈተለከ ነገር የሚያፈተልከው ከምንጩ ነው። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አፈትልኮ ሲሰረዝ ወረቀቱ የወጣው ከጥበቃው ሰንሰለት እንጂ በመጨረሻ ስልኩ ላይ ከደረሰው ተማሪ አልነበረም። መንግሥት ቆይቶ በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያስገባው ምንጩን ለመጠበቅ ነው። በጌሙም እንዲሁ ነው። መቱ ላይ ፍላሽ የሚጭነው ልጅ የወንዙ መጨረሻ ላይ ነው የቆመው።

ሕጉስ ምን ይላል? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና ዘፈን ሁሉ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ቆጥሮታል። ሲወጣ ሆን ብሎ መብት ለሚጥስ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ፅኑ እስራት ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ብዙዎች የማያስተውሉት ግን ጥበቃው የማን እንደሆነ ነው። አዋጁ የሚጠብቀው በዋናነት የኢትዮጵያውያንንና የኢትዮጵያ ነዋሪዎችን ሥራ፣ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ የወጣን ሥራ፣ ወይም ውጭ አገር ወጥቶ በ30 ቀን ውስጥ እዚህም የወጣን ሥራ ነው። የውጭ ሥራዎች በየአገሩ እንዲጠበቁ የሚያደርገውን የበርን ስምምነት ኢትዮጵያ ለአሥርት ዓመታት ሳትፈርም ኖራለች።

ያቺ 30 ቀን ቀላል አይደለችም። ሕጉ ለውጭው ኩባንያ "ጥበቃ ከፈለግህ ገበያህን እዚህም ዘርጋ" እያለው ነው። ኩባንያዎቹ ግን አልዘረጉም። ኢትዮጵያ ሶኒ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክን በይፋ ከሚያቀርብባቸው አገሮች አንዷ አይደለችም። የአገር ውስጥ የባንክ ካርድ ለብዙ ዓመታት ከድንበር ውጭ አይሠራም ነበር። ዋጋውም ሌላ ግድግዳ ነው። አንድ አዲስ ትልቅ ጌም 70 ዶላር ይሸጣል። ብር ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲመራ ከመደረጉ በፊት ይህ በይፋዊው ምንዛሬ 4 ሺህ ብር ገደማ ነበር። በ2017 መጨረሻ ከ9 ሺህ ብር አልፏል። ለቡና ለቀማ ቀን የሚውል ልጅ ይህን ዋጋ ሰምቶ ይስቃል እንጂ አይቆጣም።

ሰው እንደምንም ብሎ ቢገዛ እንኳ ጥበቃው ራሱ ይቀጣዋል። ዛሬ ብዙ ጌም ገዢው ባለቤት መሆኑን በኢንተርኔት ካላረጋገጠ አይከፈትም። በ2013 (እ.ኤ.አ.) "ሲምሲቲ" ያለ ኢንተርኔት እንዳይሠራ ተደርጎ ወጥቶ ሰርቨሮቹ ሲጨናነቁ አሜሪካ ውስጥ በገንዘቡ የገዛ ሰው መጫወት አቅቶት ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን የከፈለው ቁጭ ብሎ ያያል፣ ያልከፈለው ይጫወታል። ታማኙን ቀጥቶ ሌባውን የሚያልፍ ቁልፍ ቁልፍ አይባልም።

እስከዚህ ያለው ለመቱው ልጅ የቆመ ሊመስል ይችላል። ችግሩ ግን ኮምፒውተር ቤቱ የሚጭነው የኒንቴንዶን ብቻ አለመሆኑ ነው። በዚያው ፍላሽ ላይ የአዲስ አበባው ፊልም አለ። ገንዘብ ተበድሮ የመጀመሪያ ዘፈኑን ያስቀዳው የኦሮምኛ ድምፃዊም አለ። ሲጭን የለመደ እጅ የሩቁን ከቅርቡ አይለይም። ሮክስታር ከመረጃ ስርቆቱ ለማገገም 5 ሚሊዮን ዶላር እንደፈጀበት ለፍርድ ቤት ተናግሮ ሥራውን ቀጥሏል። የበደሌው ድምፃዊ አልበሙ ከወጣ በሳምንቱ በየፍላሹ ከገባ ሁለተኛ አልበም የለውም። ነገ ከመቱ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ጌም ለመሥራት የሚነሳ ልጅም የሚገጥመው ይኸው ነው። እንደ "ኩኩሉ" ያለ አገራዊ ጌም ያወጣው ቅኔ ጌምስ ኢትዮጵያውያን ይህን ሥራ እንደሚችሉት አሳይቷል። የጎደለው ከሥራው የሚያኖር ገበያ ነው።

የአገር ውስጥ አርቲስቶች የወሰዱት እርምጃ ለዚህ ትምህርት ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ "አውታር" የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ሲያወጡ ያሰቡት ቁልፍ ማጠንከርን አልነበረም። ሰው ባለው የስልክ ሒሳብ ዘፈን በቀላሉ እንዲገዛ መንገድ ማበጀትን ነበር። ፊልሞች ላይ የተለመደው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ስርቆት ተፈርቶ ፊልሙ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው የመቱ ሰው ደግሞ ይጠብቃል። የተራበ ገበያ ፊት ለፊት ወራት የሚቆይ ማማ ሌባ ይጠራል።

መፍትሔው ያለው እዚያው ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ነው። በኢሉባቦር ከተሞች ፋይል የማከፋፈሉን ሥራ ከእነዚህ ቤቶች የተሻለ የሚያውቀው የለም። ደንበኛው አለ፣ ዕቃው አለ፣ እምነቱ አለ። የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን፣ የሙዚቃና የፊልም ሰዎች ከነዚህ ቤቶች ጋር ቁጭ ብለው ሕጋዊ ወኪል ቢያደርጓቸው፣ ሥራው አዲስ አበባ በወጣበት ቀን መቱም ቢደርስ፣ ዋጋው በብር ተቆርጦ በቴሌብር ቢከፈል፣ ከእያንዳንዱ ጭነት ለባለቤቱ ድርሻው ቢገባ ልጁ ሌባ መሆኑ ይቀርና ነጋዴ ይሆናል። ያን ጊዜ ከሰነፍ ወኪል ላይ ቅጣት ቢመጣ ማንም አይከፋም። የሕጉ ከባድ በትር ደግሞ ሥራውን ከስቱዲዮ ሰርቆ ለሚያወጣው ይቆይ።

ዛሬ ያለው አካሄድ ግን ገበያውን ሳይከፍቱ ስርቆትን መራገም ነው። ማማው ቆሟል፣ ወንጭፉም አለ። በቆሎውን ወደ ቤት የሚያስገባ ሰው ነው የጠፋው።